አባባ፣ ሴቶቹ ከቅኝት አልወጡም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ደህና ነን። የላክሁልዎትን የሊትዌኒያ ዘፈን ሰምተው «እነዚህ ሴቶች ከቅኝት ወጥተዋል» ማለትዎን ነገሩኝ። ድምፁ መጋጨቱ እውነት ነው፤ ግን ሆን ተብሎ ነው። ሱታርቲኔስ ይባላል፤ የሰሜን ምሥራቅ ሊትዌኒያ የገጠር ሴቶች ዜማ ነው። ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል።

የሦስቱን ሴቶች አዘፋፈን ልንገርዎት። ዜማው ሁለት ክፍል አለው፦ ግጥሙና አዝማቹ። አንደኛዋ ግጥሙን ለብቻዋ ትጀምራለች። እሷ ወደ አዝማቹ ስትሻገር ሁለተኛዋ ግጥሙን ትይዛለች። ሁለተኛዋ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ሦስተኛዋ ትገባለች፤ አንደኛዋ ያን ጊዜ ታርፋለች። ስለዚህ ሦስት ቢሆኑም አብረው የሚሰሙት ሁለት ናቸው፣ እነሱም ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ባሉ ድምፆች ላይ ይውላሉ።

በክራርዎ ይሞክሩት። ትዝታ ሜጀር ይቃኙና የቅኝቱን አንደኛና ሁለተኛ ድምፅ አንድ ላይ ይምቱ። አንዱ አውታር በሰከንድ 220 ጊዜ፣ ሌላው 247 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በመካከል ያለችው የ27 ልዩነት ናት ያንን ሻካራ ድምፅ የምትወልደው። ሴቶቹ የሚፈልጉት እሱን ነው። አንዷ ከጮኸች ይጠፋል፤ እንደ እኛ ዘፋኞች ድምፅ ካንቀጠቀጡም ይጠፋል። ለዚህ ነው ተጠጋግተው ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያወዛውዙ፣ እኩል የሚያወጡት።

ሱታርቲኔስን የሚጫወቱ የዛሬ ባንዶች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ከሥር የኪቦርድ ኮርድ ሲያነጥፉ የሚጋጩት ሁለት ድምፆች የኮርዱ አካል ይሆኑና ይለዝባሉ። ኢኮ ሲበዛ ያለፈው ድምፅ በአዲሱ ላይ ይደራረባል፤ የማን መግቢያ የት እንደሆነ አይለይም። ከሁሉ የከፋው ግን አንዷን ሴት ወደ ግራ፣ ሌላዋን ወደ ቀኝ መለየት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ሁለቱ አየር ላይ ስለማይገናኙ ሻካራነቱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ስፒከር ይስሙ፤ የስልኩም ይበቃል።

በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዣልቫሪኒስ የተባለው የሊትዌኒያ ባንድ የአገሩን ዜማ ከሮክ ጋር ያዋህዳል፤ እሱን ለልጆቹ ይተዉላቸው። ለእርስዎ የሚስማማው ሜሮፔ የተባለው ባንድ ነው። ኢንድሬ ዩርገሌቪቹቴ እየዘፈነች ካንክሌስ ትመታለች፣ ቤልጅየማዊው በርት ኩልስ በጊታርና በኤሌክትሮኒክስ ያጅባል። ካንክሌስ ጭን ላይ የሚጋደም ባለ አውታር መሣሪያ ነው፤ የጥንቱ ከ5 እስከ 12 አውታር አለው፣ አካሉም ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ ይሠራል። በድሮው አመታት ቀኝ እጅ ሁሉንም ይመታል፣ ግራው የማይፈለጉትን ያፍናል። ይህን ለክራር መቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ2021 እ.ኤ.አ. ከቪልኒየሱ ያውና ሙዚካ የመዘምራን ቡድን ጋር ባወጡት «ሳሎስ» በተባለው አልበም ይጀምሩ፣ ዝግ ያለ ነው። ወንዶች የሚነፏቸውን ስኩዱቻይ የሚባሉ ቱቦዎች ዜማ በሚቀጥለው እልክልዎታለሁ፤ እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ዜማው የሚገኘው እንደ እንቢልታ ተቀባብለው ሲነፉት ነው። ለእማማ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ