ለሕሊና፣ ስለ ባርክሊ ጉልበት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሕሊና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትናንት ስትደውዪ ተሳፋሪ ይዤ ስለነበር ጥያቄሽን በሁለት ቃል ዘጋሁት፤ ሌሊቱን ግን ሲመላለስብኝ አደረ። ስለዚህ ዛሬ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ይህን እጽፍልሻለሁ። የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ከላይ ያለው ቀንና ወራቱ ግን የእኛ ናቸው።

በፋንታሲ ሊጋችን፣ በእውነተኞቹ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ በምንቆጥርበት ጨዋታ፣ የአክስትሽ ልጅ «የፊላደልፊያውን ሯጭ ሴይኳን ባርክሊን ስጪኝና ኳስ ተቀባዩን ሮም ኦዱንዜን ከ2026 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዬ (አዲስ ተጫዋች ከምመርጥበት ተራ) ጋር ልስጥሽ» ብሏል። አንቺም «በአንድ ዓመት 2,005 ያርድ ሮጦ የዋንጫውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈ ሰው እንዴት ይሸጣል?» አልሽ። የአንድ ዓመት ፋንታሲ ቢሆን እኔም እንዳንቺ እል ነበር። ዳይናስቲ ግን ሌላ ነው፤ ተጫዋቹ ከዓመት ዓመት እጅሽ ላይ ይቆያል፣ ሲያረጅም እጅሽ ላይ ያረጃል።

በቋንቋችን ጉልበት አንድ ቃል ነው፤ የሚታጠፈውም ጉልበት፣ ብርታቱም ጉልበት፣ ለደመወዝ የሚሸጠውም ጉልበት። ራኒንግ ባክ፣ እንደ ባርክሊ ኳስ ይዞ የሚሮጠው፣ ማለት ሦስቱንም አንድ ላይ የሚሸጥ ሰው ነው። ታክሲ ከመያዜ በፊት አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስሸከም እንደነበር ታውቂያለሽ። ዛሬ ደረጃ ስወርድ የግራ ጉልበቴ ሲንቋቋ እናትሽ ከማድ ቤት ትሰማዋለች። ሐኪሙ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ስንት ሣጥን እንደተሸከምኩ ግን አልጠየቀኝም።

ባርክሊ 28 ዓመት የሞላው ሱፐር ቦውሉን ባሸነፈበት ዕለት ነው። ሃያ ስምንቱ ለብቻው ብዙም አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ የሣጥኑ ብዛት ነው፦ በመደበኛው ውድድር 345 ጊዜ፣ በጥሎ ማለፉ ደግሞ 91 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጧል፤ የተቀበላቸውን ኳሶች ሳንቆጥር በአንድ የውድድር ዘመን 436 ማለት ነው። ከጃክሰንቪል ጋር ሲጫወቱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳያይ፣ ተከላካዩን ከላዩ ላይ የዘለለው ጊዜ በስልክ አብረን የጮህነውን አልረሳሁም። ከጩኸቱ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ መልሼ ያየሁት እግሩ መሬት ሲነካ ነው። በ2020 ቺካጎ ላይ የተቀደደው ጅማት የዚያው ሰው ነው። ደግሞ አሠልጣኙም ሣጥን ይቆጥራል፤ የኤሪክ ዲከርሰንን የ1984 ክብረ ወሰን ለመስበር 101 ያርድ ብቻ ቀርቶት ሳለ በመጨረሻው ጨዋታ አሳርፎታል።

በአንድ ዓመት ከ2,000 ያርድ በላይ የሮጡት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም አልደገሙትም። ቴሬል ዴቪስ በ1998 ሮጠው፤ በተከታዩ ዓመት በአራተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ማንነቱ አልተመለሰም። ዴሪክ ሄንሪ በ2020 ሮጠው፤ በዓመቱ እግሩ ተሰብሮ የመደበኛውን ውድድር ግማሽ ተቀመጠ።

አውቃለሁ፣ «ሄንሪስ በ30 ዓመቱ 1,921 ያርድ ሮጦ የለም ወይ?» ልትዪኝ ነው። ሮጧል። ፍራንክ ጎርም እስከ 37 ዓመቱ ሮጧል። መንደራችን ውስጥም ዘጠና ዓመታቸው ድረስ ሲጋራ ያጨሱ አዛውንት ነበሩ፤ እርሳቸውን አይቶ ማጨስ የጀመረ ሁሉ ግን ዘጠና አልደረሰም።

የእኔን ስሕተት አንቺም በዓይንሽ አይተሻል። በ2018 ሳሎናችን ውስጥ ሊጋችንን ስንጀምር አንቺ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ እኔም በመጀመሪያው ምርጫ ቶድ ገርሊን ወሰድኩ። ያን ክረምት የሎስ አንጀለሱ ራምስ በ57.5 ሚሊዮን ዶላር ውሉን አድሶለት ነበር፤ ባለቤቶቹ ይህን ያህል ካመኑት እኔ ማን ነኝ አልኩ። በኅዳር አጎትሽ «በገርሊ ፋንታ ክርስቲያን ማካፍሪን ከመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር ልስጥህ» ሲለኝ ሳቅሁበት። ገርሊ ያን ዓመት 21 ተችዳውን አስቆጠረ። ሱፐር ቦውሉ ላይ ግን አሥር ጊዜ ብቻ ሮጦ 35 ያርድ አገኘ፤ በቀረው ጊዜ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ «አሠልጣኙ ደብቆት ነው» ስል ትዝ ይልሻል? ጉልበቱ ነበር። ውሉን በፈረመ በሃያ ወሩ አሰናበቱት፣ የመጨረሻ ጨዋታውንም በ26 ዓመቱ ተጫወተ። ማካፍሪ ደግሞ በ2019 በሩጫም በመቀበልም ከሺህ ያርድ አለፈ።

ስለዚህ የባርክሊ አዲስ ውል፣ ሁለት ዓመት በ41.2 ሚሊዮን፣ ብዙ አያሳምንሽ። የሚነግርሽ ፊላደልፊያ ገና ብዙ እንደምታሮጠው ብቻ ነው።

ማካፍሪን ያነሣሁት ለሌላም ጉዳይ ነው። በእኛ ሊግ የተቀበሉት ኳስ አንድ ነጥብ አለው። ባርክሊ በመጀመሪያ ዓመቱ ኒውዮርክ 91 ኳስ ተቀብሏል፤ ባለፈው ዓመት 33 ብቻ። ጎሉ አፋፍ ሲደርሱ ደግሞ ኳስ አከፋፋዩ ጃለን ኸርትስ ከኋላ እየተገፋ ራሱ ይገባል። እንግዲህ የባርክሊ ነጥብ የተንጠለጠለው በረጅም ሩጫ ላይ ነው፤ ረጅም ሩጫ ደግሞ የሚከፈተው ከፊቱ በተሰለፉት ግዙፋን ነው። ከእነዚያ መካከል ሌን ጆንሰን በቅርቡ 35 ሞላው፣ ቤክተን ወደ ሌላ ቡድን ሄዷል፤ ጨዋታውን ይነድፍ የነበረው ኬለን ሙርም ኒው ኦርሊንስን ሊያሠለጥን ሄዷል።

ሪሲቨር፣ ኳስ ተቀባዩ፣ ግን ሌላ ዕድሜ አለው። ወደዚህ አገር በመጣሁበት በ2004 የኤርፖርት ሾፌሮች ወሬ ሁሉ ራኒንግ ባኩ ክሊንተን ፖርቲስ ነበር። ዋሽንግተን እርሱን ከዴንቨር ለማምጣት ቻምፕ ቤይሊን ከሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር ሰጠች። ፖርቲስ በ29 ዓመቱ፣ አሥር ሺህ ያርድ ሊሞላ 77 ሲቀረው አቆመ። ቤይሊ ዴንቨር ላይ አሥር ዓመት ተጫወተ፤ ዛሬ ዝነኞቹ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቤይሊ ሪሲቨር ሳይሆን ሪሲቨሮችን የሚጠብቅ ነበር፤ ግን የሁለቱም ሥራ በሚጋጭ ትከሻ ላይ ያልተመሠረተ በመሆኑ አንድ ነው። ኦዱንዜ ገና 22 ዓመቱ ነው።

እናም ሽጪው። በዚህ ዋጋ ግን አይሆንም። የአክስትሽ ልጅ ባለፈው ዓመት ዋንጫ የወሰደ ነው፤ ቀድሞ የሚመርጠው ደካማው ቡድን ስለሆነ፣ ባርክሊን ሲጨምርበት የ2026 ምርጫው ከአሥራ ሁለቱ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። በእጁ ከሌላ ቡድን ያገኘው ሁለተኛ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አለው፤ እርሱን ጠይቂው። አሁን ሁሉም ዓይኑ አሽተን ጂንቲና ዘንድሮ ወደ ሊጉ በገቡት አዲሶቹ ልጆች ላይ ስለሆነ እምቢ ሊልሽ ይችላል። ነሐሴ ሲደርስ ግን ዋንጫ የሚያልም ሰው ሁሉ ነገ ነጥብ የሚሰጠውን ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ነሐሴ 29 ፊላደልፊያ ከዳላስ ጋር ውድድሩን ሳትከፍት ግን ጨርሺው፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ እሑድ ጉልበቱን ስታዪ መዋልሽ ነው። ቡድንሽ ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ሆኖ የጨረሰ የወጣቶች ቡድን ነው። ባርክሊ የሚቀረው ጥሩ ዓመት ለስምንተኛነት አይባክን።

ያ ሁለተኛ ምርጫ የማን እንደነበረ ለመጠየቅ አትድከሚ፤ የእኔ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ኒክ ቸብ ከጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተመልሶ ሜዳ በገባ ሰሞን፣ እርሱን ለማግኘት ብዬ ሰጠሁት። በታኅሣሥ እግሩ ተሰበረ። ዘንድሮም መጨረሻ አካባቢ ስለምሆን ምርጫው ጥሩ ይሆንልሻል።

አሁን ተራዬ ደረሰ። እናትሽ ሽሮውን ማክሰኞ ትልካለች።

አባትሽ