የቀለም መርጫ ለምትከራዩ ደንበኞቻችን

ጅማ፣ መስከረም

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን አደረሳችሁ። ዝናቡ ገና ጨርሶ ባይለቀንም ቤት የማደስ ወራት ደርሷል፤ የቀለም መርጫ የሚጠይቀንም ሰው በዝቷል። ከመከራየታችሁ በፊት ይህን ብታነቡልን ደስ ይለናል።

መጀመሪያ ይቅርታ እንጠይቃለን። የኤሌክትሪክ መርጫ ማከራየት ስንጀምር መሣሪያውን ከነካርቶኑ እንሰጥ ነበር እንጂ አያያዙን ቁጭ ብለን አላሳየንም። አንዲት እናት የሳሎናቸውን ግድግዳ ቀብተው ሲጨርሱ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች እንባ ሆኖ ወረደ። ሄደን አየነው። መሣሪያው ደህና ነው፣ ቀለሙም ደህና ነው። መርጫውን አንድ ቦታ ላይ አቁመው መያዝ እንደሌለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። መንገር የነበረብን እኛ ነን። ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተን በራሳችን ወጪ መልሰን ቀባነው።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ሥራ መርጫ አያስፈልግም። ዕቃ የሞላበት አንድ ክፍል ለመቀባት ከመጣችሁ ሩሎ ውሰዱ እንላችኋለን። መርጫው ሲቀባ ፈጣን ነው፣ ግን ብናኙ የማይገባበት ቦታ የለም። ሶፋው፣ መስኮቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ የወለሉ ሴራሚክ፣ ሁሉም በላስቲክና በወረቀት ፕላስተር መሸፈን አለበት። ሽፋኑ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ሰው ያልገባበት አዲስ ቤት፣ ኮርኒስ፣ የብረት በርና ፍርግርግ ከሆነ ግን መርጫን የሚያህል የለም። ፍርግርግ በብሩሽ የቀባ ያውቀዋል፤ አንዱን ጎን ሲሉ ሌላው ይፈስሳል። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ቫርኒሽ ስትቀቡም ብሩሽ የማይደርስበት መሀል ለመርጫው ቀላል ነው።

አገራችን እርጥብ ናት፤ ግድግዳም ውሃ ይዞ ይከርማል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ። አሮጌውን ከተጠራጠራችሁ አንድ ቁራጭ ላስቲክ አራት ጎኑን በፕላስተር አጣብቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከውስጥ በኩል ጠብታ ካያችሁ ታገሱ። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ የመርጫው ነፋስ አቧራውን ያስነሳዋል። መጀመሪያ ጥረጉት፤ አንድ እጅ ቀጠን ያለ ቀለም በሩሎ አጠጡት፤ ከዚያ ርጩ።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከቀለሙ ውፍረት ነው። ከቆርቆሮው እንደወጣ ከገባ መርጫው እየተፋ ይንጠባጠባል። የውሃ ቀለም ከሆነ በ1 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጀምሩ፤ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ልክ ግን አትለፉ። በደንብ አማስሉና እንጨቱን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ሳይቆራረጥ እንደ ክር ከወረደ ደርሷል። እየተቆራረጠ ዱብ ዱብ ካለ ገና ነው። ከዚያ በንጹሕ ስቶኪንግ አጥልሉት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። አንዲት ትንሽ የደረቀች የቀለም ቅርፊት የመርጫውን አፍ ዘግታ ሙሉ ቀን ታስቆማለች።

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ገደማ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። በጣም ከቀረባችሁ ይፈሳል። በጣም ከራቃችሁ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ ይደርስና ግድግዳው ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል። እጃችሁን እንደ ከሰል ማራገቢያ አታወዛውዙት፤ ክንዳችሁ ከግድግዳው እኩል ርቆ ቀጥ ብሎ ይሂድ። መጀመሪያ እጃችሁ ይንቀሳቀስ፣ ከዚያ የመርጫውን ምላጭ (በጣት የሚሳበውን) ሳቡ። መስመሩ ሲያልቅ ምላጩን ልቀቁ፣ እጃችሁ ከዚያ በኋላ ይቁም። የሚቀጥለው መስመር የቀደመውን ግማሽ ይደርብ። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን አትቸኩሉ፤ ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል።

ስለ ጤናችሁ ደግሞ አደራ እንላለን። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም። የቀለም ማስክና መነጽር አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሕፃናትን አርቁ። የዘይት ቀለም ትነት እሳት ይይዛል። ቡና ሊፈላ የተቀጣጠለ ምድጃ በዚያ ቤት ውስጥ አይኑር፤ ሲጋራም እንዲሁ። ብረት ከሆነ ደጅ አውጥታችሁ ቀቡት። ቶሎ በሚተን ቲነር የቀጠነ ቀለም በኤሌክትሪክ መርጫችን አትርጩ፤ ሞተር ያለው ነገር ነው፣ ብልጭታው ትነቱን ሊያቀጣጥል ይችላል። የድሮ ዘይት ቀለም ያለበትን በርና መስኮት ደረቁን አትፈግፍጉ። በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ (መርዛማው ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራውም በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። በውሃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፤ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ።

መብራት መሀል ላይ ቢሄድ "አሁን ይመጣል" ብላችሁ አትጠብቁ። ቀለሙን ወደ ባልዲው መልሱና ክደኑት፤ መርጫውን ፈታታችሁ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ እጠቡት። ከተመለሱልን መርጫዎች የተበላሹት አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀለሙ ውስጣቸው ደርቆ።

ከዚህ በኋላ ማንም ሰው መርጫ ይዞ የሚወጣው ግቢያችን ውስጥ በካርቶን ላይ ሞክሮ እጁ ከለመደ በኋላ ነው። 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ክፍያ የለውም። የምትቀቡትን ቀለም ትንሽ በጠርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናቀጥነዋለን። ቀድሞ ተከራይታችሁ ግድግዳችሁ የተበላሸባችሁም ካላችሁ ንገሩን፤ መጥተን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀለም ሱቃችሁ ሠራተኞች፣ ጅማ