ደሴቶቹ ተሸጡ፣ ጥናቱ ግን ቀጠለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ዴንማርክ በ1917 እ.ኤ.አ. የካሪቢያን ደሴቶቿን ለአሜሪካ ስለመሸጧ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ 25 ሚሊዮን ዶላሩ ብዙ ተብሏል። ስለ ፍሬደሪክ ቦርገሰን ግን አንድም መስመር የለም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ቦርገሰን (1866–1956) የኮፐንሃገን ሰው፣ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። በፋሮ ደሴቶች ቀዝቃዛ ውሃም፣ በተሸጡት ደሴቶች በሴንት ቶማስ፣ በሴንት ክሮይና በሴንት ጆን ሞቃት ዳርቻም የባሕር አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሳይ ነገር) ሰብስበዋል። የካሪቢያኑን ጥናት ከ1913 እስከ 1920 በተከታታይ አሳተሙ። ባንዲራው ከተቀየረ በኋላም ሥራውን አልተዉትም።

ካውለርፓ የተባለውን አልጌ ብቻ እንይ። አሸዋ ላይ እንደ ሐረግ ይሳባል። ወደ ላይ ቅጠል መሳይ፣ ወደ ታች ሥር መሳይ ነገር ያወጣል። ይህ ሁሉ አንድ ሕዋስ ነው! መልኩም እንደሚበቅልበት ቦታ ይቀያየራል። ቦርገሰን ይህን ያጠኑት ደሴቶቹ ድረስ ሄደው ነው። የደረቀ ናሙና ብቻ የሚያይ ሰው አንዱን ተክል በቀላሉ ሁለት ዝርያ ያደርገዋል።

ሥራቸው ዛሬም ይፈለጋል። ባሕሩ ሲሞቅና ኮራል ሲሞት አልጌ ቦታውን ይወርሳል። ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ደግሞ ድሮ የት ምን ይበቅል እንደነበር የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። እሳቸው የተዉልን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የሳይንስ ዓምዳችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ይስጣቸው። የደሴቶቹ ካርታና የካውለርፓ ሥዕልም አብረው ይውጡ።

አንባቢያችሁ