ቴርማል ካሜራ ሕዝብን በጅምላ መለካት አይችልም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወረርሽኝ በተሰማ ቁጥር በመናኸሪያና በአዳራሽ መግቢያ ላይ ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም ሙቀትን በምስል የሚያሳይ ካሜራ፣ ሰቅሎ የሚያልፈውን ሕዝብ ትኩሳት በጅምላ ስለመለካት የሚነሣው ሐሳብ ያሳስበናል። መሣሪያው ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ሰው አንድ በአንድ ሲቆምለት ብቻ ነው።

ካሜራው የሚያየው የቆዳን ሙቀት እንጂ የሰውነትን የውስጥ ሙቀት አይደለም። በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ ከውጭ የገባ ሰው ትኩሳት እያለበትም ግንባሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ዳገት ወጥቶ ወይም ፀሐይ ላይ ቆይቶ የመጣ ጤነኛ ደግሞ ግንባሩ ይግላል። ከፊት ላይ ለውስጥ ሙቀት ይበልጥ የሚቀርበው በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ነው። ቦታው የጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ስላለው አንድ ፊት በምስሉ ላይ ቢያንስ 240 በ180 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) መያዝ አለበት። የካሜራው ምስል 320 በ240 ከሆነ፣ ከ76,800 ፒክስል 43,200ውን አንድ ፊት ብቻ ይወስደዋል። ሃያ ሰው ባንድ ምስል ሲገባ የዓይን ጥግ ከጉንጭና ከአፍንጫ ቅዝቃዜ ጋር ተደባልቆ ትኩሳቱ ሳይታይ ያልፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የካሜራው ስሕተት ነው። የተለመደ ቴርማል ካሜራ እስከ 2 ዲግሪ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል፤ በጤነኛና በታማሚ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንዳንዴ 1 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ማመሳከሪያ፣ በሙያው ብላክቦዲ የሚባለው፣ ከሚለካው ሰው ፊት ጋር በእኩል ርቀት ሁልጊዜ በምስሉ ውስጥ መቆም አለበት። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ዕቃ መሆኑ ያሳዝናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ከሥራው 30 ደቂቃ በፊት ይበራል። ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ50 በመቶ በታች ይሁን፤ ነፋስ ከሚገባበት በር፣ ከፀሐይና ከሚያንጸባርቅ ግድግዳ ይራቅ። ሰው ከውጭ እንደገባ 15 ደቂቃ ይቆይ። ኮፍያ፣ መነጽርና ማስክ ይነሣ፤ ነጠላም ከግንባር ወደ ኋላ ይመለስ። መስታወት ለዓይናችን ግልጽ ቢሆንም ካሜራው የሚያነበውን የሙቀት ጨረር አያሳልፍም። ሌንሱ በፊት ቁመት ልክ፣ ፊት ለፊት ይቁም።

ካሜራው የለየው ሰው ገና ታማሚ አልተባለም፤ ገለል ባለ ቦታ በሕክምና ቴርሞሜትር እንደገና ይለካ። ለምሳሌ ከ10,000 ገቢዎች 10ሩ ትኩሳት ቢኖራቸው፣ መሣሪያው ከእነሱ 8ቱን ቢይዝና ከጤነኞቹ 10 በመቶውን በስሕተት ቢጠቁም፣ 8 እውነተኛና 999 የተሳሳተ ጥቆማ ይመጣል። ይህን ሁሉ ሰው ዳግም የሚለካ ባለሙያና ክፍል ካልተዘጋጀ ካሜራውን መትከል ወረፋ ከማብዛት አያልፍም። ትኩሳቱ የተረጋገጠበትም ቢሆን በተለይ ከቆላ የመጣ ከሆነ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በደንብ የተተከለ ካሜራም ቢሆን በበሽታው ተይዞ ገና ያላተኮሰውን ወይም ፓራሲታሞል የዋጠውን ሰው አይለይም። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የካቲት 25 ቀን 2012 ከቡርኪና ፋሶ ገብቶ በሽታው የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን ነበር። በኅዳር 2018 በጂንካ የታየው የማርበርግ ቫይረስ በሽታም ምልክቱ እስኪወጣ ከ2 እስከ 21 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ የካሜራው በጀት ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ለመከታተል ከተያዘው ገንዘብ ተቀንሶ መምጣት የለበትም።

ግዥ የሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አይኢሲ 80601-2-59 የተባለውን፣ ትኩሳት ለሚለዩ ቴርማል ካሜራዎች የወጣውን ዓለም አቀፍ መስፈርትና ብላክቦዲውን በግልጽ ያስፍሩ። አንዳንድ መሣሪያዎች የተለካውን ቁጥር በሶፍትዌር ወደ ጤነኛ ሙቀት እየሳቡ ስለሚያሳዩ፣ ሴንሰሩ ያነበበው ቁጥር ሳይስተካከል እንዲታይ ይጠይቁ፤ ከመረከባቸው በፊትም በጤና ተቋም ትኩሳት ባላቸው ሰዎች ላይ ከቴርሞሜትር ጋር ያመሳክሩት።

የባዮሜዲካል መሣሪያ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ