የብሔረሰቦች ጥናት ትምህርት፦ ለካሊፎርኒያ ወላጆች

ውድ አባሎቻችን፣

በ2021 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ኤቢ 101 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ የብሔረሰቦች ጥናትን (Ethnic Studies፣ በአሜሪካ ያሉ የተለያዩ ማኅበረሰቦችን ታሪክና ባህል የሚያስተምር ትምህርት) ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ግዴታ የሚያደርገው በጀት ሲመደብለት ብቻ ነው። ለ2025–26 ገንዘቡ አልተያዘም፤ ስለዚህ ውሳኔው በየወረዳው የትምህርት ቦርድ እጅ ነው። ሳክራሜንቶን፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱን መንግሥት፣ አትጠብቁ።

ሕጉ ያስቀመጠው ሥርዓት ጥሩ ነው፦ ወረዳው ያዘጋጀው ኮርስ በአንድ ይፋዊ ስብሰባ ይቀርባል፣ የሚጸድቀው በሌላ ነው። ቦርዳችሁ ይህንኑ እንዲከተል ጠይቁ፤ የምትናገሩትም በመጀመሪያው ላይ ይሁን፣ በሁለተኛው ረቂቁ አልቆ ይሆናል። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ ተከታተሉት።

ጥያቄያችሁ የተወሰነ ይሁን። የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ታሪክ በየትኛው ምዕራፍ፣ በስንት ክፍለ ጊዜ ይሰጣል? ኮርሱ በካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኤ–ጂ ዝርዝር (ለመግባት በሚጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ኮርሶች) ውስጥ ይቆጠራል? ካልተቆጠረ የልጆቻችንን ጊዜ ከሚያስፈልጋቸው ትምህርት ይሻማል፤ ይህን ከመጽደቁ በፊት አስመዝግቡ።