የነከሰ ውሻ 10 ቀን የሚቆይበት ግቢ ይሰጠን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጅማ ከተማ በአንድ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በብዛት የማክመው ላም፣ በግ፣ አህያና የጋሪ ፈረስ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ውሻ ነው። በተለይ ሰው ስለነከሰ ውሻ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ግቢያችን በከብት ይሞላል። አንዲት እናት የ8 ዓመት ልጇን በእጁ እየጎተተች ገባች። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ናት። ልጁ ባቱ ላይ ተነክሷል። ቁስሉን በነጠላ ቅዳጅ አስራዋለች። ለምን ሆስፒታል እንዳልወሰደችው ስጠይቃት «ዶክተር፣ የውሻን በሽታ የሚያውቀው የውሻ ሐኪም ነው ብዬ ነው» አለችኝ።

ጓሮ ያለውን ቧንቧ ከፍቼ ቁስሉን በሳሙና አጠብኩት። ሙሉ 15 ደቂቃ፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ። ልጁ ያለቅሳል። እናቱ «አሁንስ በቃው» ትለኛለች። እኔ አጥባለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ወደ ሰው የሚገባው ከውሻው ለሃጭ ጋር ነው። ነርቭ ውስጥ ገብቶ ወደ አንጎል ጉዞ ሳይጀምር ከቁስሉ ላይ በታጠበ ቁጥር የልጁ ዕድል ይጨምራል። ውሃና ሳሙና ደግሞ ከየትኛውም ቤት አይጠፋም።

እያጠብኩት «ውሻውስ የት ነው?» አልኳት።

«ገደሉት» አለችኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ጭንቅላቱን በድንጋይ ቀጠቀጡት። ከዚያ ወንዝ ውስጥ ጣሉት።» ይህን የነገረችኝ ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ለምን እንደደነገጥኩ ላስረዳ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ ያለበት ውሻ ከነከሰ በኋላ ብዙ አይቆይም። በ10 ቀን ውስጥ ምልክቱ ይታይበታል፤ ከዚያ ይሞታል። በ10ኛው ቀን እየበላ፣ እየጠጣ፣ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የተቆለፈ በር፣ ውሃ፣ ምግብና በየቀኑ የሚያየው ሰው ይበቃል። የተነከሰው ሰው ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። ክትባቱን በዚያው ቀን መጀመር አለበት። በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን ይቀጥላል። ውሻው 10ኛውን ቀን በጤና ካለፈ ሐኪሙ የቀረውን ዙር ሊያቆምለት ይችላል። ውሻው ከታመመ ደግሞ አንድም ዙር እንዳይዘል እናስጠነቅቀዋለን።

የተገደለ ውሻ ይህን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። በላብራቶሪ ማወቅ ቢፈለግ እንኳ የሚመረመረው አንጎሉ ነው። በድንጋይ የደቀቀ አንጎል ለምርመራ አይሆንም። ደህና ናሙና ቢገኝ በበረዶ አሽገን አዲስ አበባ መላክ አለብን። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያ ልጅ ውሻ ግን ወንዝ ወስዶታል።

አሁን ስለ ሁለት ሌሎች ውሾች ልንገራችሁ። ክሊኒካችን ጀርባ ድሮ ድርቆሽ የሚቀመጥበት አንድ መጋዘን ነበር። ከረዳቴ ጋር ጠርገነው፣ በሩን በቆርቆሮ አጠናክረን፣ የነከሱ ውሾችን ማቆየት ጀመርን። ከበላይ የተሰጠን ሥራ አልነበረም። ምግባቸውን የሚሰጠን ጎረቤታችን ያለ ሥጋ ቤት ነበር፤ አጥንትና ቅንጥብጣቢ።

የመጀመሪያዋ የአንድ ቡና መጋዘን ጠባቂ ውሻ ናት። አንዲት ልጅ ቡችሎቿን ልታይ ጎንበስ ስትል እጇን ነከሰቻት። ሰፈሩ ሊገድላት ሲነሳ ዘበኛው ሽማግሌ በኬሻ ጠቅልለው በባጃጅ አመጧት። ቡችሎቿንም አብረው አመጡ። 10 ቀን አየናት። ትበላለች፣ ታጠባለች፣ ረዳቴን ስታይ ጭራዋን ትቆላለች። በ10ኛው ቀን የልጅቷ አባት መጥቶ በዓይኑ አያት። ሄዶ ለልጁ ሐኪም ነገረው። ውሻዋን ከትበን ለባለቤቷ መለስናት። ሽማግሌው «ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ።

ሁለተኛው የተለየ ነው። አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር ውሻውን አቅፎ ይዞት መጣ። መንጋጋው ወርዷል። ለሃጩ ይዝረበረባል። ድምፁ ተዘግቷል። «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው፤ እጄን ሰድጄ ፈልጌ አጣሁት» አለኝ። ይህን ስሰማ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ብዙ ሰው ያበደ ውሻ ማለት እየሮጠ ያገኘውን የሚናከስ ብቻ ይመስለዋል። ዝም ብሎ የሚደበት፣ ጥግ የሚፈልግ፣ መንጋጋው ሽባ የሚሆን አለ። ሰው የሚያዝንለትና አፉን ከፍቶ የሚያየው ይህን ነው። ላምም ላይ እንዲሁ ይሆናል፤ ገበሬው የሆነ ነገር አንቋት ነው ብሎ እጁን አፏ ውስጥ ይከታል።

ወጣቱን እጁን አስታጥቤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክሁት። እህቱም ሄደች። ከሁለት ቀን በፊት ይኸው ውሻ ጓደኛውን ጣቱ ላይ ጫር አድርጎት ነበር። ጓደኛው ግን «ይቺ ምን አላት» ብሎ አልሄድም አለ። ውሻው በ4ኛው ቀን ሞተ። ያን ቀን ማታ ለጓደኛው ስልክ ደወልኩለት። ውሻው መሞቱን ብቻ ነው የነገርኩት። በማግሥቱ ማለዳ ሆስፒታል በር ላይ ነበር። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። ውሻው ያኔውኑ ተገድሎ ተጥሎ ቢሆን ለዚያ ልጅ ማን ይደውልለት ነበር?

በሽታው አንዴ ሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ከ10 ሟቾች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። እኛ ጋ በአፋን ኦሮሞም ስሙ «ሳሬ መራቱ» ነው፤ ያበደ ውሻ። በሽታውን ሁሉም በስሙ ያውቀዋል። እንዴት እንደምንከላከለው ግን አንነጋገርም።

ያ መጋዘን አሁን የለንም። ለሌላ ዕቃ ማስቀመጫ ተፈልጓል ተብሎ ተወሰደ። በምትኩ ሌላ ቦታ እንዲሰጠን 3 ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅሁ። «ለውሻ በጀት አይያዝም» የሚል መልስ በቃል ተሰጠኝ። ደብዳቤ ላይ ማንም አልጻፈውም።

ለመርዝ ግን በጀት ሲገኝ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ከተማ ሌሊት መርዝ ያለበት ሥጋ ተበተነ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ከረዳቴ ጋር ቤት ለቤት ዞረን ውሾች ከትበን ነበር። የተከተበ እንዲለይ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረንላቸዋል። ጠዋት ቦይ ውስጥ የተኙትን ሳይ ቀይ ጨርቅ ያላቸው ብዙ ነበሩ። በዚያ መርዝ መሞት ቀላል ሞት አይደለም። ጡንቻው ሁሉ ይገታተራል፤ አእምሮው ሳይደነዝዝ ነው እንስሳው የሚያልቀው። ድመትም ሞተ፣ ጥንብ አንሳም ሞተ። ያለቀሱ ልጆችም ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፈሩ በሌላ ውሻ ተሞላ። ቆሻሻውና ትርፍራፊው እስካለ ድረስ ቦታው ባዶ አይቀርም። አዲስ የመጡት ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው።

በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል። ውሻ ካረገዘች ከ2 ወር ትንሽ ዘለል ባለ ጊዜ ስለምትወልድ ያልተከተበ ቡችላ በየጊዜው ይጨመራል። ስለዚህ ሥራው በየዓመቱ መደገም አለበት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ላይ እጄን ጭኜ የምጸልይበት ቀን አለ።

ረዳቴንም ሳልጠቅስ አላልፍም። እኔ ለሥራው ብዬ ክትባቱን አስቀድሜ ወስጃለሁ። ውሻውን ከፊት ሆኖ የሚይዘው ግን እሱ ነው፤ አንገቱ ላይ ገመድ የሚያስገባው፣ በሩን ከፍቶ ውሃ የሚያስቀምጠው። እሱ እንዲከተብ ያቀረብኩት ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። 3 ልጆች አሉት።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በከተማችን ውስጥ ወይም ዳር ላይ አንድ የታጠረ ግቢ። 6 ክፍል ቢኖረው ይበቃናል። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ለማጠብ ይመቻል። በሩ ድርብ መሆን አለበት፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት። ቧንቧ፣ ቁልፍና አንድ የተከተበ ሠራተኛ። ባለቤት የሌለው ውሻም እዚያው ተከትቦ ቢወጣ፣ የማይድን ሕመምተኛ ካለም ሳይሰቃይ በመርፌ ቢሸኝ ይቻላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉት። ተራ ገብተው ቢያዩልን ለእነሱም ትምህርት ነው።

አንባቢዎች ግቢው እስኪገኝ የምትችሉት አለ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። በባህል መድኃኒት ቀን አታሳልፉ። ውሻው ባለቤት ካለው እንዲታሰር ንገሩትና ለእኛ አሳውቁን። ባለቤት ከሌለው እናንተ ልትይዙት አትሞክሩ፤ የገባበትን ግቢ ብቻ ዘግታችሁ ጥሩን።

ያ የ8 ዓመት ልጅ ሁሉንም ዙር ጨረሰ። እናቱ ለትራንስፖርቱ ከዕቁብ ጓደኞቿ ተበድራለች። ደህና ነው፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በሽታው ሰውነት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል ስለሰማች ግን ትንሽ ባተኮሰው ቁጥር እኔ ጋ ትሮጣለች። ክትባቱን መጨረሱን እያስታወስኩ አረጋጋታለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአጥራችን በኩል አንገቱን አስግጎ «ዶክተር፣ ያ ውሻ ግን እውነት አብዶ ነበር?» አለኝ።

የምመልስለት አጣሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የእንስሳት ሐኪም
ከጅማ