ሊኖ ለማስተማር ለምትሄዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ውጭ አገር ሄደው ለሆስፒታል ታካሚዎች የህትመት ጥበብ በነፃ ስለሚያስተምሩ ሰዎች ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን አስተምረው ከተመለሱ በኋላስ?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናውያኑ ባልና ሚስት ፔደርና ኡላ ጎዌኒየስ፣ ደቡብ አፍሪካ ሴዛ በሚባል የሚሲዮን ሆስፒታል የእጅ ሙያ ያስተምሩ ነበር፤ አዛሪያ ምባታ ሊኖ (ሥዕል ተቀርጾበት፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተም ለስላሳ የወለል ንጣፍ) መቅረጽ የተማረው እዚያ በሳንባ ነቀርሳ ተኝቶ ሲታከም ነው፣ በኋላም ስመ ጥር የህትመት ሰዓሊ ወጣው። ባልና ሚስቱ ግን በዚያ አላበቁም፤ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ሮርክስ ድሪፍት በሚባል ቦታ የጥበብና የእጅ ሙያ ማዕከል አቋቋሙ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ለታካሚው ምን ይጠቅመዋል? ሊኖ እኮ ማተሚያ ማሽን እንኳ የግድ አይፈልግም። የተቀረጸውን በሮለር ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት ደርቦ፣ በማንኪያ ጀርባ ማሸት ይበቃል። እባካችሁ መቅረጫውንና ሮለሩን እዚያው ተዉላቸው፤ ነርሶቹንም አሠልጥኑ።